ለለቅሶተኛ ነው የነገርኩት

ሰኞ

ሰብለ፣ የሣጥኑን ቁልፍ የት ነው ያደረግሽው? እትዬ ጥሩነሽ ከጠዋት ጀምራ ትጠይቀኛለች፤ በአንድ ክፍል እየኖርን የት ልሸሻት? ነጠላሽን አውጥታ ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጥ ነው። ብትነግሪኝም አልነግራትም።

ውጭ ሰው ሞልቷል። ድንኳኑ የመንገዱን ግማሽ ስለያዘ የሪክሻ ነጂዎቹ እየተሳደቡ ይመጡና ለቅሶ መሆኑን ሲያዩ በዚያው አፋቸው «አልበረከ ፊኩም» ብለው ያጽናኑናል። እኔ ሻይ አዞራለሁ። ዛሬ ስለ አንቺ የሰማሁት፦

ዝምተኛ ነበረች። (አልነበርሽም።)

ለወንድሟ እናትም አባትም ነበረች። (እውነት ነው። እነሱ ሲሉት ግን ያስጠላል።)

ዕድሏ ነው። (ይህን ያለውን ሰውዬ ሻይ ሳልሰጠው አለፍኩ።)

ከዚያ ጋሽ ታምራት መጡ። ከሱፋቸው ላይ ጋቢ ደርበው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የእድሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አስተርጓሚም ናቸው። እዚህ ሱዳን፣ ካላክላ ውስጥ ዐረብኛ የማያውቅ ሐበሻ ሁሉ ክሊኒክም ፍርድ ቤትም የሚሄደው በሳቸው አፍ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ሆዷን ታማ ይዛቸው የሄደች ጊዜ፣ ለሐኪሙ «ነርቭም አለባት፤ እንቅልፍም አትተኛ» ብለው ከራሳቸው ጨምረው የእንቅልፍ ኪኒን ታቅፋ ተመለሰች። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ምን ያህል እንደሳቅን።

ዛሬ ግን አላሳቁኝም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔን የሚያንገበግበኝ ልጅቷ ቀድማ አውቃው ነበር» አሉ። «"እግሬ እርጥቡን ሲሚንቶ ሲረግጥ ልቤ ቀድሞኝ ይሸሻል" ብላ ነበር እኮ። እንዴት ያለ አነጋገር ነው። ነፍሷን ይማር።»

ሴቶቹ በአንድ ላይ አለቀሱ። እኔ ትሪውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ያንን ቃል ለእትዬ ጥሩነሽ አላልሽም። ጎንደር ላለችው እማዬ በስልክ አላልሽም። አንድ ቦታ ብቻ ነው ያልሽው፤ ያኔም አጠገብሽ ተቀምጬ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የኡስታዛ ኢንቲሳር ክፍል። አል-ማንሺያ የምትሠሪበት ቤት ጌታ፣ ሙዲሩ፣ ፓስፖርትሽን እንደቀማሽ ተናገርሽ። የውሃ ሞተሩ፣ ያ የገደለሽ፣ ኮረንት እንደሚለቅ ተናገርሽ። ከአንቺ ጋር ትሠራ የነበረችውን ዘይነባን እንዳቃጠላትና እሷ በዚያ ምክንያት እንደሸሸች ተናገርሽ። ኡስታዛ «በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ እጅ ትጻፈው፤ ኋላ አስተርጓሚው ነው ያለው እንዳይሉ» አለች። ጻፍሽ።

ምስክሯ የት ትገኛለች ስትልሽ እስክሪብቶውን አቆምሽ። ዘይነባ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም። ሙዲሩ ያለችበትን ካወቀ አንድ ስልክ ይበቃዋል፤ ፖሊስ ይወስዳታል፣ ከዚያ ከአገር ትባረራለች። ወደ እኔ ዞረሽ «ማን ያየዋል በላት» አልሽኝ። ጠየቅኳት። ኡስታዛ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ምስጢር ነው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለች። ያኔ ጻፍሽው። ኦምዱርማን፣ ከትልቁ ገበያ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር።

ጋሽ ታምራት የልብሽን ቃል ካወቁ አረንጓዴውንም በር ያውቃሉ።

ማክሰኞ

ሰልስትሽ ወጣ። ቄሱ በክርስትና ስምሽ ወለተ ጊዮርጊስ እያሉ ሲጠሩሽ ለአፍታ ሌላ ሰው የሞተ መሰለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ትዝ አለኝ።

ጋሽ ታምራትን ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር አገኘኋቸው። ንፍሮ ይቅማሉ።

«ጋሽ ታምራት፣ ትናንት ያሉትን ከየት ሰሙት?»

«የቱን ልጄ?»

«የልቧን።»

«አሃ።» ያመሰገንኳቸው ይመስል ፈገግ አሉ። «አነበብኩት እንጂ ከየት እሰማዋለሁ። የመንግሥት ሥራ ነው። ክሱን የያዙት የመንግሥት ጠበቆች ፋይል በዝቶባቸው፣ የሚያደራጅላቸው፣ የሚያስተረጉምላቸው፣ የሚያባዛላቸው የግል ቢሮ በውል ይዘዋል። ሱቅ አረቢ፣ ገበያው ውስጥ ነው። አማርኛ ሲመጣ ለእኔ ይደርሰኛል። የሰብለም ደረሰኝ።»

«መቼ?»

«በሕይወት እያለች ነው እንጂ። ገና ሳነበው ሆዴን ባር ባር ብሎኝ ነበር።»

ሰብለ፣ በሕይወት እያለሽ። አንቺ ማታ ከሥራ ገብተሽ እግርሽን ስትታጠቢ ወረቀትሽ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ምስጢር አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እንዴታ። ጥብቅ ምስጢር ነው። እዚያ ቢሮ ያለ ሰው ሁሉ ፈርሟል። እኔም ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁ።»

«ትናንት ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ተናገሩት እኮ።»

ማላመጣቸውን አቆሙ። የሚያስመስሉ መስሎኝ አየኋቸው፤ አያስመስሉም። በእውነት አልገባቸውም።

«ለማን ተናገርኩ? ለለቅሶተኛ ነው የነገርኩት። ለቅሶ ቤት ሄደህ አፍህን ዘግተህ ትመለሳለህ? የሟች ቃል ካልተነሣ በምን ይለቀሳል?»

የስንዴ ገለባ ከንፈራቸው ላይ ተለጥፎ ነበር። ቃልሽ በዚያ ከንፈር ነው ያለፈው። የምስክሯንም አድራሻ አንብበውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሥራዬ አይደል» አሉና ንፍሮ በነካው እጃቸው ጉንጬን መታ መታ አደረጉኝ። አንቱ ማለት ራሱ አፌን መረረኝ።

ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። እንደገና ታጠብኩ። እትዬ ጥሩነሽ ዓይኔ ያበጠው ከለቅሶ መስሏት ሳሙናውን አቀበለችኝ።

ረቡዕ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጥቼ ሀፍላ ተሳፍሬ ወደ ሱቅ አረቢ ሄድኩ።

ቢሮው ከፍራሽ መሸጫ በላይ ነው። ደረጃው ሽንት ሽንት ይላል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማን ነህ ያለኝ የለም። የመንግሥት ማኅተም ያለባቸው ፋይሎች በሙዝ ካርቶን ተቆልለዋል። አንዱ ካርቶን ላይ ድመት ተኝታለች። ሠራተኞቹ ቁርስ ላይ ናቸው፤ አንድ ትልቅ ሳህን ፉል መሐል ላይ አድርገው በዳቦ እየጠቀሱ ይበላሉ። ከሳህኑ ሥር ጠረጴዛው እንዳይቆሽሽ ወረቀት አንጥፈዋል።

ጽሕፈቱን ከበሩ ነው ያወቅኩት። «ለ»ን አንድ እግሯን አስረዝመሽ ነው የምትጽፊያት።

ዋናው አይደለም። ማሽኑ አጣሞ ያወጣው ቅጂ ነው፤ ስለተበላሸ ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ። ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ እንደ መስታወት ስለሆነ ከሥሩ ያለው ሁለተኛው ገጽ ሳይቀር ይነበባል። አንዱ ሰውዬ ሲጠቅስ የፉል ፍሬ ወደቀበት። በጣቱ ጠርጎ በላው። ከስምሽ ላይ ነው የጠረገው።

ጋሽ ታምራት ጥግ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። አጠገባቸው ሻይ የሚጠጣው ማን መሰለሽ? ኻሊድ። የሙዲሩ ሾፌር፣ ያ ሲመሽብሽ ሀፍላ ድረስ ይሸኝሽ የነበረው። ሲያየኝ ብድግ ብሎ እጆቹን ዘርግቶ ፋቲሓ ቀራልሽ። አቀፈኝ። ሽቶው እስካሁን ሸሚዜ ላይ አለ።

«እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት በዐረብኛ።

«የእኛም ጠበቃ ወረቀቱን የሚያሠራው እዚህ ነው። ንጹሕ ሥራ ይሠራሉ።»

አንቺን የሚያግዘው ቢሮና ሙዲሩን የሚያግዘው ቢሮ አንድ ነው። አንድ ማሽን፣ አንድ ድመት፣ አንድ ሳህን።

«ያቺ ጓደኛዋ፣ ዘይነባ፣ የት ነው ያለችው?» አለኝ። «ሙዲሩ ሊያጽናናት ይፈልጋል።»

«አላውቅም።»

«ማዓሌሽ፣ ግድ የለም። ትርጉሙ ነገ ያልቃል ብለውኛል።» ወደ ጋሽ ታምራት በአገጩ ጠቆመ።

እሳቸውን በአማርኛ ጠየቅኳቸው። ሐፍረት የለም፤ አስረዱኝ። ለክሱ የሚያስፈልገው ወረቀት ለተከሳሹም ይሰጣል፣ ሕግ ነው።

«የዘይነባ በር ለክሱ ምን ያደርጋል?»

«እኔ መራጭ አይደለሁም ልጄ። የመጣልኝን መመለስ ነው።»

«አድራሻዋን ይዝለሉት። ለኔ ብለው።»

«አልጨምርም፣ አልቀንስም። ፈርሜያለሁ አልኩህ።»

የእትዬ ጥሩነሽ የእንቅልፍ ኪኒን ትዝ አለኝ። ሳቄ መጣ። ጠረጴዛው ዘንድ ሄጄ ገጾቹን ከሳህኑ ሥር መዘዝኩ። ፉሉ ተደፋ። ሰደቡኝ። የሰደቡት እናቴን ነው። ወረቀቱን ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ደረጃውን ወረድኩ፤ ዘይቱ ደረቴ ላይ ሞቆ ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት ኡስታዛ ኢንቲሳር ዘንድ ሄድኩ። ስለ አንቺ ሰምታለች። ማራገቢያው ዛሬም አይሠራም። «ከዚህ ክፍል አይወጣም ብለሽ ነበር» አልኳት። ተረጋግታ ነበር የጀመረችው። ጉዳዩ ክስ ሲሆን ፋይሉ ወደ መንግሥት ጠበቆች ይሄዳል፤ እነሱ ለሚያግዛቸው ቢሮ ይሰጣሉ። ደንቡ ይፈቅዳል፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ምስጢር ለመጠበቅ ለፈረመ ብቻ ይላል።

«የሚያስፈልገውን ማን ለየው?»

«ማንም። ገጽ በገጽ የሚለይ ሰው የለንም። ሙሉው ይሄዳል። ሁልጊዜም ሙሉው ነው የሚሄደው።»

ገጾቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋኋቸው። አልነካችም። ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«ፉል ነው?»

«ፉል ነው።»

ተነሥታ በሩን ዘጋች። ስልክ ደወለች። ጮክ ብላ ጀመረችና ወዲያው ድምፅዋ ወረደ፤ መጨረሻ ላይ «ሓድር»፣ እሺ ጌታዬ፣ ብቻ ነበር የምትለው። ስትዘጋው፣ ትርጉሙ ይቁም ብለሽ ጻፊ ብለውኛል፣ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ስለሆነ ጽሑፉ የሚደርሰው ግን ያኔ ነው አለች።

«ዛሬ ያልቃል» አልኳት።

«አውቃለሁ። ነገ ሰልፍ አለ፤ ዛሬ አመሻሹ ላይ ድልድዮቹን ይዘጋሉ። አንተ ቀድመህ ድረስባት።» ወረቀቱን በጥፍሯ ወደ እኔ ገፋችው። «ይሄንንም ውሰደው። እኔ ጋ ከቀረ ፋይል ውስጥ ይገባል።»

ልወጣ ስል እጇን ወደ ደረቷ አነሣች። ደረቷ ላይ ሳይደርስ መለሰችው።

ወፍጮ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። አረንጓዴውን በር ዘይነባ ራሷ ከፈተችልኝ፤ እጇ በሳሙና አረፋ ተሸፍኗል። ስታየኝ ጮኻ አለቀሰች። ወዲያው ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በክንዷ ያዘች። ለቅሶ ያልመጣችው ፈርታ ነው። እኔ ደግሞ ለቅሶዋን አስቁሜ ነገርኳት። የዚያን ሰዓት ራሴን ጠላሁት።

«አንተ ነበርክ ያስተረጎምክላት?»

«አዎ።»

«ወረቀት ውስጥ አታስገቢኝ ብያት ነበር። ተቆልፎበት ነው የሚቀመጠው አለችኝ። ቁልፉ ታዲያ ማን ዘንድ ነው?»

«ሱቅ አረቢ። ከፍራሽ ቤት በላይ።»

«ወላሂ፣ ከፍራሽ ቤት በላይ ከሆነማ ተኝተውበታል።»

ሳቀች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ዕቃዋ ብዙ አይደለም፤ መስገጃዋ፣ ድስት፣ አንድ ፌስታል ልብስ። የሱዳን ሴት እንድትመስል ቶብ ተከናነበች።

ድልድዩ አፍ ላይ ወታደሮች ኮንቴይነር እያወረዱ ነበር። አንዱ በሀፍላው መስኮት አንገቱን አስገባ። ዘይነባ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ የተኛች መሰለች። እንደ ከበሮ የሚመታው የማን ልብ እንደሆነ አላውቅም።

«ማን ናት?»

«እናቴ ናት። ታማለች።»

ያላ አለ፤ አለፍን። ዘይነባ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። «እናት? እኔን? ምናለ እህቴ ብትል?»

መሽቶ ካላክላ ገባን።

ዓርብ

ከተማው ተዘግቷል። ከሩቅ የአስለቃሽ ጭስ ተኩስ ይሰማል። ሦስታችን በአንድ ክፍል ነን፤ እትዬ ጥሩነሽ መሬት ላይ፣ እኔ አንገረቤ፣ የገመድ አልጋዬ ላይ፣ ዘይነባ ያንቺ ላይ። መጀመሪያ ያንቺ ላይ አልተኛም ብላ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ «ሞት አይጋባም፣ ተኚ» አለቻት።

ዛሬ ከሙዲሩ ቤት በፌስታል የላኩትን ዕቃሽን ከፈትን። እኔ ብቻዬን መክፈት አልቻልኩም ነበር። ሻሽሽ። የእጅ ቅባትሽ። የሣጥኑ ቁልፍ። (ኪሴ ገባ። እትዬ ጥሩነሽ አላየችም።) ከታች ሰማያዊው ነጠላ ጫማ።

ዘይነባ ጫማውን ስታይ ወደ ውጭ ሮጣ ወጣች። ተመልሳ መዳፏን አሳየችኝ፤ ቆዳው እንደ ተጠበሰ ሽንኩርት ተሸብሽቧል።

«ሞተሩ እኔን የያዘኝ ቀን ሙዲሩ መጥቶ አየ። በማግስቱ ነጠላ ጫማ ገዛልን። ለእኔ ቀዩን፣ ለሰብለ ሰማያዊውን። ላስቲክ ነው፣ ከኮረንት ያድናል አለን። ኤሌክትሪክ ሠሪ አልጠራም፤ ጫማ ገዛ።»

እና አሁን ለመርማሪዎቹ «ልጅቷ ጥንቃቄ አልነበራትም፤ እኔ ስለ ሞተሩ የማውቀው የለም» ይላል።

ሰብለ፣ ጫማውን ገልብጬ አየሁት። ተረከዙ ተበልቶ ቀዳዳ አውጥቷል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ ራሴን እየተጸየፍኩ ነው። ዘይነባ ይህን ለዳኛ ብትናገር ሙዲሩ አያመልጥም። እሷ ከሄደች ግን የሚቀረው ያ ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው። ቀኑን ሙሉ ይህንን ሳብሰለስል ዋልኩ። ሩዝ ስትጎርስ አያታለሁ፣ አስባለሁ። ስትሰግድ አያታለሁ፣ አስባለሁ። እኔም እንደነሱ ሆንኩ፤ ሰውን ለክስ የሚያስፈልግና የማያስፈልግ ብዬ የማይ።

እትዬ ጥሩነሽ ገዳሪፍ እህት አላት። መንገድ ሲከፈት ወስጄ እዚያ አስቀምጣታለሁ አለች። ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። የሰብለ ነገር ነው። በአላህ እውነቴን ነው።»

አፌ ላይ ነበር። ቅሪ። ሁለት ፊደል።

«ማን ይጠብቅሻል?» አልኳት በመጨረሻ። «ማንም። ሂጂ።»

ዘይነባ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ በተቃጠለው። ኢቃማዬን ካወጣሁ በራሴ እግር መጥቼ በራሴ አፍ እናገራለሁ፣ ወረቀት ላይ ግን ዳግመኛ አልገባም አለች።

ተናድደሽብኛል? ብትናደጂም ልክ ነሽ።

ቅዳሜ

መንገድ ተከፈተ። ገና ጎሕ ሲቀድ ሄዱ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው።

እትዬ ጥሩነሽ ትእዛዝ ሰጠችኝ፦ ከሰል ቤት ውስጥ እንዳታያይዝ። ዳቦ ሳትበላ ትምህርት ቤት እንዳትሄድ። እማዬን በስልክ እያለቀስክ እንዳታናግራት። ጋሽ ታምራትን ሰላም በል፤ እድር ነው፣ ነገ ታስፈልገዋለህ፣ ያስፈልግሃል። የመጨረሻውን አላደርገውም።

ዘይነባ አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ «እናትህን አትርሳ» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ቀኑን በየመንገዱ ስዞር ዋልኩ። ወደ ቤት ላለመግባት።

እሑድ

ብቻዬን ነቃሁ። የተረገመ ነገር፣ ማልጄ ነው የተነሣሁት፤ አንቺ ሀፍላ እንዳያመልጥሽ የምትነሺበት ሰዓት።

ምን አደረግኩ? ልዘርዝርልሽ። አንገረብሽን አነጠፍኩ። ውሃ ቀዳሁ። ከሰሉን ውጭ አወጣሁ። እሳቱን ለማያያዝ ወረቀት ፈለግኩ፤ ከደብተሬ ልቀድ ነበር። ከዚያ ያንቺን ገጾች አመጣሁ። ዘይት ስለጠጡ ቶሎ ያዙ። ረጅም እግር ያላት «ለ» ስትጠቁር አየኋት። አረንጓዴው በር ያለበት መስመር መጨረሻ ነደደ። የፉል ሽታው ሻዩ ውስጥ እንዳይገባ ፍሙ እስኪጠራ ጠብቄ ማንቆርቆሪያውን ጣድኩ።

ሻዩ ሳይፈላ ኻሊድ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ገባ።

«አረንጓዴው በር ተቆልፏል» አለ። ሰላምታ እንኳ የለም። «ወፍጮ ቤቱ ልጅ መጥቶ ወሰዳት ይላል። ዘይነባ የት ናት?»

«አልገባኝም» አልኩት በአማርኛ።

ሳቀ። ዐረብኛዬን ያውቃል፤ ረቡዕ ዕለት አውርተናል። ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሜ «አልገባኝም» አልኩት። ሰብለ፣ ለአንቺ ስንቱን ቃል ወደ ዐረብኛ አሻገርኩ። ዛሬ አንድም አላሻግርም አልኩ።

በንዴት ስልኩን አወጣ። ጋሽ ታምራት ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ በመካከላችን ያዘው።

«ዳዊት ልጄ» አሉ። «ሰውየው ዘይነባ ወዴት ሄደች ነው የሚለው። ሊያጽናናት ነው።»

«ለምን እንደሚፈልጋት ያውቃሉ ጋሽ ታምራት።»

ከበስተኋላቸው ያ ማሽን ይንቋቋል።

«እና ምን ልበለው?»

ማንንም እንዲህ ብለው ጠይቀው አያውቁም።

«አልነግርህም ብሏል ይበሉት። እሱን ብቻ። ምንም እንዳይጨምሩ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በዚያ ባማረ ዐረብኛቸው ጀመሩ። «ልጁ የሚለው፣ ልጅቷ አገሯ ገብታለች። እናቷ መጥታ ነው የወሰደቻት። በአውሮፕላን። ታማ ነበር፤ ነርቭም አለባት፤ እንቅልፍም አትተኛ።»

ኻሊድ ፊቴን አየ። እኔ እሳቱን አየሁ። ዐረብኛ አይገባኝማ።

«አላህ ያሽራት» አለ በመጨረሻ። አምኖ ይሁን ሰልችቶት አላወቅኩም። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወጣ።

ጋሽ ታምራት ለምን እንደጨመሩ አላውቅም። አፍረው ይሆናል። ወይም ልማድ ሆኖባቸው አፋቸው በራሱ ሄዶ ይሆናል። ይቅር አላልኳቸውም። እድር ላይ ባገኛቸው እጃቸውን አልጨብጥም፤ ጉንጬ ላይ ያ ንፍሮ እስካሁን ያለ ይመስለኛል። ግን ኻሊድ ከታጠፈ በኋላ ደፍ ላይ ተቀመጥኩና ሻዩ ፈልቶ ሲፈስ አየሁ።

የተረፈውን ጠጣሁ። ዳቦ በላሁ። ዩኒፎርሜን ተኮስኩ፤ የቀኝ እጅጌውን አቃጠልኩት። በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉን ድሮ ለጎረቤት ነበር የምንተወው። ዛሬ ከሣጥንሽ ቁልፍ ጋር አስሬ ኪሴ ከተትኩትና ትምህርት ቤት ሄድኩ።